«በ» የተጻፈባቸው ቀኖች

ምስጋኑ መስታወቱን የሚጠርግባቸው ጨርቆች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ። ማለዳ ማለዳ በመሰላል ወደ ቆርቆሮው ቤት ጣሪያ ይወጣና ከነጩ ሣጥን አናት ላይ ያለችውን መዳፍ የምታህል ክብ መስታወት በእርጥቡ አንድ ጊዜ፣ በደረቁ ሁለት ጊዜ ይጠርጋታል። ከዚያ ወርዶ መዝገቡን ይከፍትና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰማዩንና ነፋሱን በየዓምዳቸው ይጽፋል። አምስተኛው ዓምድ የመስታወቱ ነው። እዚያ የምትገባው አንዲት ፊደል ናት፦ ከጠረገ «ተ»፣ በዓል ሆኖ ሳይጠርግ ከቀረ «በ»።

እንዲህ መጻፍ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ከዚያ በፊት የእርሻ ሰው ነበር፤ የእህል መጋዘንም ጠብቋል። በልጅነቱ መዝሙረ ዳዊትን ቢደግምም ድቁና ሳይቀበል ወደ ሞፈሩ ተመለሰ፤ ከየኔታ ዘንድ ያተረፈው የእጅ ጽሑፉን ነው። ለዚህ ሥራ የተመረጠውም በዚያው ነው። ያኔ መሣሪያውን ያስተከለችው ተመራማሪ ዳግማዊት ሦስት ሰዎችን አስጽፋ አይታ ነበር። የሱን ወረቀት ስታይ «ይኼ ሰው ፊደሉን አይቸኩልበትም» አለች፤ ምስጋኑ ያቺን ቃል አልረሳትም።

ቤቱ የቆመው ከብልባላ በላይ ባለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው። ከሥሩ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከነዛፎቹ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ገደሉ አፋፍ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። በጣሪያው ላይ ያለው ሣጥን ሊዳር ይባላል። ሊዳር ምን እንደሚሠራ የሚጠይቁትን ሰዎች ምስጋኑ ወደ ገደሉ እያመለከተ ያስረዳቸዋል። ገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ይመለስለታል፤ ይኼም እንደዚያው በብርሃን ይጣራል፣ በአየሩ ላይ የተንሳፈፈው ብናኝ ደግሞ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስለታል። ቶሎ ከመለሰ ብናኙ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ። ያ ብናኝ ፀሐይ ይጋርዳል፣ ደመና ሲቋጠርም እያንዳንዷ ጠብታ አንዲት ቅንጣት ይዛ ነው የምትጀምረው፤ ስለዚህ የዝናብን ነገር የሚመረምሩ ሰዎች የት ከፍታ ላይ ምን ያህል እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ። በየጊዜው ከላይ የምታልፍ ሳተላይት ይህንኑ ታያለች። ነገር ግን እንደ ላስታ ባለ ተራራ አገር ከመሬት አጠገብ ያለው አየር በደንብ አይለይላትም። ከታች ሆኖ የሚያርማት ያስፈልጋል። የሚያርማት ሣጥኑ ነው፤ የሣጥኑን መስታወት የሚጠርገው ደግሞ ምስጋኑ።

ጥር አሥራ አራት ቀን ዳግማዊት እንደምትመጣ ያውቅ ነበር። ለምን እንደምትመጣ ግን አላወቀም።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ደረሰች። ከላሊበላ እስከ ብልባላ በመኪና፣ ከዚያ ሽቅብ በእግሯ ነው የመጣችው። ከፋለ የሚባለው የላሊበላ አስጎብኚ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአየርን ነገር አጥንታ አሁን የዶክትሬት ጽሑፏን እያገባደደች ነው። ምስጋኑ ስለ አባቷ፣ ስለ እናቷ፣ በገና ስለመጣው እንግዳ ብዛት፣ ስለ መንገዱ ጠየቃት። እሷም ስለ ባለቤቱ ስለ የትናየት፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ጠየቀችው። ከዚያ ቤት ውስጥ ካሉት ሁለት ዱካዎች አንዱ ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ግን አልፈታችም። ምስጋኑ አንድ ነገር እንዳለ ጠረጠረ።

ነገሩን ቀስ አድርጋ ነበር የነገረችው። በየማታው ከሣጥኑ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ከረፋዱ አምስት እስከ አሥር ሰዓት የታየውን ጨምቆ ከመሬት አጠገብ ስላለው አየር አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት ምስጋኑ ያንን ቁጥርና የመዝገቡን ፊደል በስልክ መልእክት ይልካል። ሙሉው መረጃ ከባድ ስለሆነ እዚሁ ዲስክ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ዳግማዊት የሦስት ዓመቱን ቁጥሮች ስትደረድር፣ በበጋው ወራት «በ» የተጻፈባቸው ቀኖች ሁሉ ዝቅ ብለው አገኘቻቸው። ደስ አላት። በበዓል ቀን አይታረስም፣ አይወቃም፤ አቧራና እብቅ አይነሣም፤ አየሩ ይጠራል። ሰው ሲያርፍ ሰማዩም እንደሚያርፍ በቁጥር ያሳየ ሰው እስካሁን አልገጠማትም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈችበት።

አማካሪዋ ዶክተር ሰማኸኝ ግን ምዕራፉን አንብቦ ሌላ ነገር ታየው። እሷም የዶክተሩን ቃል ሳታለዝብ ለምስጋኑ ነገረችው።

«‹እኔ የሚታየኝ አየሩ ሲጠራ አይደለም፤ ጠባቂው ሲያርፍ ነው› አለኝ።»

ምስጋኑ ወዲያው አልገባውም። ዳግማዊት አብራራችለት። በዓል ሲሆን ምስጋኑ መሣሪያውን ሸፍኖ ወይም አጥፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የተሸፈነ መሣሪያ ምንም አያይም፤ ምንም ያላየ መሣሪያ ደግሞ «አየሩ ንጹሕ ነው» ይላል። የዶክተሩ ጥርጣሬ ይህ ነበር። እንደውም በየወሩ አሥራ አምስት ቀን ቁጥሩ ይበልጥ ዝቅ ማለቱ አስገርሞት፣ አሥራ አምስት ምን በዓል አለ ብሎ ጠይቋት ነበር። የሰፈሩ ታቦት ቂርቆስ መሆኑን ስትነግረው ጥርጣሬው ባሰበት። ቁጥሮቹ እውነት መሆናቸው ካልታየ የሦስቱ ዓመት መዝገብ እንዳለ ይጣላል፤ ሊዳሩም ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተነቅሎ ኮን የሚባለው ከተማ ላይ ይተከላል።

«ይጣላል ማለት?» አለ ምስጋኑ።

«አንጠቀምበትም። እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።»

ምስጋኑ በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን መዝገቦች አየ። አራት ናቸው። ሥራው ቢቀር ማሳ አለው፤ በርሃብ አይሞትም። ነገር ግን ከሺህ የሚበልጥ ማለዳ እዚያ ውስጥ አለ፤ በእያንዳንዱ ማለዳ ላይ ደግሞ የእሱ እጅ። ይህ ሁሉ «ውሸት ነው» ተብሎ እንደሚጣል ሲያስብ ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። በበዓል ቀን መስታወት እንደማይጠርግ እውነት ነው፤ መጥረግ ሥራ ነውና። ያንንም ሳይደብቅ በፊደል ጽፏል። መሣሪያው ግን በበዓልም ይሠራል፤ እሱ ማሽን ነው፣ በዓል የለበትም።

ዳግማዊት ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ በነጠብጣብ ተሥሎበታል። ጣቷን ከሁሉም በታች ባለችው ነጥብ ላይ አደረገች።

«ዶክተሩን ከሁሉ ያስቆጣው ይኼኛው ነው። አምና ጥር አሥራ አምስት። ዜሮ ነው የሚለው። ዜሮ የሚባል አየር ደግሞ የለም። ያን ቀን ምን ነበር ጋሽ ምስጋኑ?»

ምስጋኑ ነጥቧን አያት።

«በዓል ነበር» አለ።

የአምናውን መዝገብ ራሷ አውርዳ ገለጠችው። ጥር ፲፭፤ ሰማይ ጥርት ያለ፤ ነፋስ የለም፤ በ። ፊደሎቹ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። መዝገቡን ዘጋችና አውድማዎቹን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች።

የቀረባቸው የደሳለ አውድማ ነበር። ደሳለ የምስጋኑ ጎረቤት ነው፤ በእድሜ ትንሽ ያንሰዋል፣ በምላስ ግን ይበልጠዋል። በማግስቱ ቂርቆስ ስለሆነ እሱም ሌላውም ገበሬ ገብሱን ዛሬ ለመጨረስ ይጣደፋል። አራት በሬዎች አውድማውን እየዞሩ ያበራያሉ፤ በአንዱ ጫፍ ሁለት ሰዎች በመንሽ ወደ ላይ ይበትናሉ። እህሉ ቀጥ ብሎ ይወድቃል፣ እብቁ ግን ወርቅማ ጢስ መስሎ ወደ ኮረብታው ያዘነብላል። ዳግማዊት በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ እብቁ እስከየት እንደሚወጣ ቀና ብላ ትመለከት ነበር።

«የሰማይ ዘበኛ» አለ ደሳለ ምስጋኑን ሲያየው፤ «ዛሬስ አልተሰረቀም?»

«ሌባ አልመጣም። አንተ በእብቅህ ልትደፍነው ነው እንጂ።»

«እብቄንም ትቆጥርብኛለህ አሉ።»

«ገብስህ ስለማይሞላ ነው እብቅህን የምንቆጥረው።»

ደሳለ ስቆ በሬዎቹን ቆም አደረጋቸውና ልጅቷን ሰላም አላት፤ አባቷን ያውቀዋል። ነገም ይወቃ እንደሆነ ስትጠይቀው ጥያቄው ራሱ ደነቀው። በቂርቆስ መንሽ የሚያነሣ ሰው እዚህ አገር እንደሌለ፣ ድሮ አንዱ ደፍሮ ቢያርስ በረዶ የሱን ማሳ ብቻ መርጦ እንደመታው አጫወታት። «ብቻ ጎረቤቱ እኔ ነበርኩ» ሲል ጨመረ፤ «የኔንም ነካ ነካ አድርጎታል።» ከዚያ ወደ ምስጋኑ በአገጩ ጠቆመ።

«ይኼን ሰው ዝም ብሎ የሚጽፍ እንዳይመስልሽ። አምና በቂርቆስ ሰማዩን ነጠላ ያለበሰ ሰው ነው።»

ዳግማዊት ሳቀች። የደሳለ ነገር ሁሉ እንዲህ ስለሆነ ይኼንንም ከቀልዱ ቆጠረችው። ደሳለም ቢሆን ከቀልድ ሌላ አላሰበበትም፤ በሬዎቹን መታ አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ምስጋኑ ብቻ አልሳቀም። እዚያው ቆሞ አፉን ሊከፍት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ልጅቷ ወደ ሌላው አውድማ መንገድ ጀምራ ስለነበር ተከተላት። ያን ቀን እውነቱን ሳይናገር ሲያልፍ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ድንገት ስለተጠየቅሁ ነው ቢልም፣ ሁለተኛው እንደከበደው ራሱ አወቀ።

ዳግማዊት በብልባላ አክስቷ ቤት አደረች፤ የዲስኩንም መረጃ ወደ ላፕቶፗ መገልበጥ ጀምራ ነበር የሄደችው።

በማግስቱ ምስጋኑ ቅዳሴውን ከቅጥሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ኋላ ቆሞ አስቀደሰ። የትናየት ወደ ፊት እንዲጠጋ በዓይኗ ብትጠራው አልሄደም። ነገሩን እያገላበጠ ነበር። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም፤ ደሳለም ቢሆን ያየው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ዜሮዋ ምናልባት በመሣሪያው ብልሽት ትሳበብ ይሆናል። ቢናገር ግን አንድ ቀን የሸፈነ ሰው ሌላውን ቀን አልሸፈነም ብሎ ማን ያምነዋል? የዚያች የአንድ ቀን ነገር ሌሎቹን ቀኖች ሁሉ ይዛቸው ትሄዳለች። መዝገቡን ለማዳን መዋሸት አለበት፤ ከዋሸ ደግሞ የሚያድነው መዝገብ የትኛው እንደሆነ አልታየው አለ። ቅዳሴው እንዳበቃ፣ ታቦቱ ሳይወጣ፣ ኮረብታውን ያዘ።

ዳግማዊት ቀድማው መጥታ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች። እንኳን አደረሰዎ አለችው። እሱ ግን እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ፣ መልሱን ሳይሰጥ ጀመረ።

«አምና ዛሬ ሸፍኜዋለሁ።»

«ምኑን?»

«መስታወቱን። በነጠላዬ።»

እጇን ከላፕቶፑ አነሣች። ምስጋኑ ቁጭ ሳይል ነገራት። በየዓመቱ ጥር አሥራ አምስት ታቦቱ ወጥቶ ኮረብታውን ይዞራል፤ በዚህ ቤት አጠገብ ባለው ወይራ ሥር ዐርፎ ወረብ ይቀርባል። ታቦት ሲያልፍ በበቅሎ ያለ ይወርዳል፣ ጫማ ያደረገ ያወልቃል፣ የሚሸጥ ይተዋል። አምና ካህናቱ ሽቅብ ሲመጡ ሲያይ፣ ሁሉ ነገር ቆሞ ይኼ ብርሃን ብቻ ከታቦቱ በላይ መሥራቱ ልክ ስላልመሰለው ነጠላውን አውልቆ አለበሰው። ታቦቱ ሲያልፍ ሊያነሣው ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን ዘመድ ይዞት ወረደ፣ ጠላ ቀረበ፣ ጨዋታ መጣ፤ ነጠላው ትዝ ያለው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

«ለምን አልጻፉትም?» አለች ዳግማዊት። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ግን ነበረበት።

«የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ነፋስ አልነበረም። በዓልም ነበር። ያልጻፍኩት ነው ውሸት የሆነው።»

«ሌላስ ቀን ሸፍነው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን። አላምንም ብትይኝ ግን አልፈርድብሽም፤ እኔም ብሆን አላምን።»

ዳግማዊት ወደ መስኮቱ ዞረች። ከታች አውድማዎቹ ጭር ብለዋል፤ የደሳለ ክምር ገለባ ለብሷል፣ መንሾቹ ግንድ ተደግፈዋል። በሩቁ ከበሮ ይሰማል። ምዕራፏን እያሰበች እንደሆነ ምስጋኑ አልጠፋውም። እሱን አምኖ እዚህ ቦታ ላይ መሣሪያውን የተከለው ሌላ ሰው አይደለም፣ እሷ ናት።

ድንገት ተመልሳ ተቀመጠችና ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። ሌሊቱን የተገለበጠውን መረጃ እየከፈተች ቀኖቹን ትፈልግ ጀመር። ቁጥሮቹን አልነበረም የምታየው፤ ከየዕለቱ ሙሉ መረጃ የወጣውን ሥዕል ነው። የሥዕሉ ግርጌ መሬት ነው፣ አናቱ ሰማይ፤ ብናኝ ያለበት ከፍታ ይደምቃል፣ የሌለበት ይጨልማል። ምስጋኑን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ ያሳየችው የዘንድሮውን ኅዳር አሥራ አራት ነበር፤ ግርጌው እንደ ፍም ደምቋል፣ የአውድማው ጢስ ነው። ከላይ፣ ከሁሉም ተራራ በላይ፣ አንድ ሌላ ቀጭን ደማቅ መስመር አለ። ከበረሃ የሚመጣ አቧራ ነው አለችው፤ የሱዳንም ይሁን የባሕር ማዶ፣ በበጋ እዚያ ከፍታ ላይ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ሳተላይቷም አሳምራ ታየዋለች። ቀጥላ ኅዳር አሥራ አምስትን፣ የቂርቆስን ቀን ከፈተች። ግርጌው ጨልሟል፤ ላይኛው መስመር ግን ያው ነው፣ አልተነካም። ታኅሣሥ አሥራ አምስትም እንደዚያው፤ ታኅሣሥ ሃያ አንድም። በመጨረሻ የአምናውን ጥር አሥራ አምስት አወጣች። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ ሥዕሉ እንደ ሌላው የበዓል ቀን ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ላይም ታችም የለም። የበረሃው መስመር በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጥቁር ብቻ ነው።

ምስጋኑ ጥቁሩን አየው። ነጠላው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በሆዱ ይዞት የኖረው ነገር እንዲህ በአራት ማዕዘን ተሥሎ ያየዋል ብሎ አላሰበም።

«ጨርቅ ታችና ላይ አይመርጥም» አለች ዳግማዊት ቀስ ብላ። «ሲሸፈን ሁሉም ነው የሚጠፋው። በሌሎቹ ቀኖች የጠፋው የታችኛው ብቻ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሌላ ቀን አልሸፈኑም ማለት ነው። ይኼኛውን ባይነግሩኝ ኖሮ ግን ይኼ ጥቁር የመሣሪያ ብልሽት ይሁን፣ መብራት ጠፍቶ ይሁን፣ ጨርቅ ይሁን በምን አውቀው ነበር?»

ከበሮው ቀርቧል። የመጀመሪያዎቹ ጃንጥላዎች ከኮረብታው መታጠፊያ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ዳግማዊት ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ምስጋኑ ትከሻ ላይ ያለውን ነጠላ አየች፤ ያው የአምናው መሆኑንም ጠየቀችው። ያው ነው አላት። አሁን እንዲሸፍንላት ፈለገች፤ ሰዓቱ ተጽፎ፣ ታቦቱ እስኪያልፍ ብቻ። ምስጋኑ የምትቀልድበት መስሎት አያት።

«አሁን?»

«አሁን። ለኔ ሙከራ ነው። ለእርስዎ ደግሞ የሚያውቁት ነው።»

መሰላሉን ያዘችለት። ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ሥር አስቀምጣ ነበር፤ እግሯ በጠጠሩ ላይ ሲቆም ፊቷን ቅጭም አደረገች። ምስጋኑ ወጣ፣ ነጠላውን ሁለት ዕጥፍ አድርጎ መስታወቱ ላይ ዘረጋው፣ ጫፎቹን በድንጋይ ያዘና ወርዶ ወደ ምሥራቅ ቆመ። አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ነበር። ካህናቱ ደረሱ፤ ታቦቱ በወይራው ሥር ዐረፈ፤ ጽናጽሉና ከበሮው ተቀባበሉ፤ እልልታው ኮረብታውን ሞላው። ያለ ነጠላ የቆመውን ምስጋኑን ያየው ደሳለ ብቻ ነበር። ታቦቱ ተነሥቶ ሕዝቡ ቁልቁል ሲከተል፣ ደሳለ በአጠገቡ ሲያልፍ ወደ ጣሪያው አመለከተ።

«ዘንድሮም አለበስከው?»

«ዘንድሮ ይጻፋል» አለ ምስጋኑ።

ደሳለ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም፤ ና እንውረድ ብሎ እጁን ያዘው። ምስጋኑ እጁን ቀስ አድርጎ አስለቀቀና መሰላሉን ወጣ። ነጠላውን ሲያነሣው አራት ሰዓት ከአርባ አንድ ሆኗል። ሲወርድ ዳግማዊት የዕለቱን ሥዕል አሳየችው፤ በመካከሉ አንድ ጠባብ ጥቁር ግድግዳ ቆሟል። ከግድግዳው ወዲህም ወዲያም የበረሃው አቧራ መስመር አለ፤ ግርጌው ግን ከሁለቱም ወገን ጨለማ ነው፤ ማንም አልወቃማ።

ኔትወርክ የሚገኘው ከወይራው በስተ ግራ ባለው ድንጋይ ላይ ነው። ዳግማዊት ሦስት ሥዕሎች ልካ፣ እስኪደርሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቃ፣ ለዶክተር ሰማኸኝ ደወለች። ምስጋኑ ከራቅ ብሎ ተቀምጦ የሷን ቃል ብቻ ይሰማል። አዎ፣ የአምናው ነው። አዎ፣ የዛሬው ሆን ተብሎ ነው። ከዚያ የሚላትን አዳመጠች። «ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አለች በመጨረሻ።

ተመልሳ መጥታ የተባለውን ነገረችው። ዶክተሩ የ«በ» ቀኖችን ሥዕል ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ይፈልጋል፤ ሲያያቸው ሌላ ጥያቄ እንደማያጣም ነግሯታል። ሊዳሩን ወደ ኮን የማዛወሩ ነገር ግን ቀርቷል። መዝገቡ አይጣልም።

«አንድ ቀን ብቻ ይሰረዛል፣ ጋሽ ምስጋኑ።»

«የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ» አለ።

ቤት ገብቶ የአምናውን መዝገብ አወረደና ጥር አሥራ አምስትን ገለጠ። አልፋቀውም፣ አልሰረዘውም። በቀይ እስክሪብቶ ከኅዳጉ ላይ፣ የኔታ የተሳሳተ መስመር ሲያርሙ እንደሚያደርጉት፣ ጥቃቅን ፊደል አድርጎ ጨመረበት፦ ከረፋዱ ፬ እስከ ፲፩ ሰዓት በነጠላ ተሸፍኖ ነበር፤ የሸፈንኩት እኔ ምስጋኑ ነኝ። ከዚያ የዘንድሮውን ከፈተ። ሰማይ ጥርት ያለ። ነፋስ የለም። በአምስተኛው ዓምድ «በ» ብሎ ጽፎ ቆመና፣ አጠገቧ እስከ ዛሬ ያልነበረች ፊደል ጨመረ፤ «ሸ»። ሰዓቱን ከነደቂቃው አስከተለባት። ዓምዱ ጠበበው።

ዳግማዊት እስኪጽፍ ድረስ ጣሪያው ላይ ወጥታ ነበር። ነጠላው በመስታወቱ ላይ አንዳንድ የጥጥ ክር ጥሎበታል፤ የትላንት አቧራም አለበት። ምስጋኑ ከቤት ሲወጣ ደረቁን ጨርቅ እንዲያቀብላት ወደ ታች እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አላት ምስጋኑ ከታች ሆኖ። «ነገ እጠርገዋለሁ።»

«ክሩን ብቻ ላንሣ።»

«ዛሬ ቂርቆስ ነው፣ ልጄ።»

ቀና ብላ አውድማዎቹን አየች። ከገደሉ አፋፍ ወዲያ ያለው ተራራ እንደ ቅርብ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ትላንት አይታይም ነበር። የጥጡን ክር እፍ ብላ አባረረችውና ባዶ እጇን ወረደች።